የሻው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ወደ ትክል ድንጋይ እንደ ዘመተ

ይህ ነገር እውነት ነው፤ ከእውነትም የተጣራ እውነት ነው። አርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት ምስክር ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ በዕለቱ ለንግሥ ወጥቼ ነበርና አላየሁም ቢል እንኳ አርባ ሦስቱ ይበቃሉ። ከተጻፈው ሁሉ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ የጻፈች እጅ ማንኪያ እንዳነሣች ትድረቅ፤ የጻፈውም ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ሻዩን በጨው ይጠጣ። ጸሐፊው ነገሩን ከሩቅ የሰማ አይደለም፤ ለጀግናው እጅግ ቅርብ ነው፣ ከገዛ ሸሚዙ ይልቅ ይቀርበዋል። ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው ጥርጣሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ የሚያምን ግን ቁጭ ብሎ ይስማ።

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ጥር፣ ስኳር ከሱቆች ሁሉ በተሰወረች በሁለተኛው ወር፣ የሻው ሻዩን በስድስት ማንኪያ መጠጣት በጀመረ በሃያ አራተኛው ዓመተ መንግሥቱ፣ ይህ ታላቅ ዘመቻ ሆነ። የሻውም ከአባቱ ወገን ገብስ አብቃይ፣ ከእናቱ ወገን ባቄላ አብቃይ፣ ከትክል ድንጋይ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር የተወለደ፣ በወጣትነቱ ገብሱንም ባቄላውንም ረግሞ ወደ ጎንደር የገባ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኖ አርባ ወንበርና ዘጠኝ ጠረጴዛ በፊርማው የሚገዛ፣ መዋዔ ሰልፍ፣ ሥዩመ ማንኪያ፣ ዘኢይጠግብ እምጣዕም፣ የሻው ዘፒያሳ ነው።

በዚያ ዘመን በጎንደር ሰው ሁሉ በማንኪያ ይታወቅ ነበር። ሁለት የሚጨምር ተላላኪ ነው፤ ሦስት የሚጨምር ጸሐፊ ነው፤ አራት የሚጨምር ባለሱቅ ነው። የሻው ግን ስድስት ይጨምራል፤ ስድስተኛውንም አያማስለውም፤ ከብርጭቆው ሥር እንደ ደለል ተኝቶ ይጠብቀዋል፣ በመጨረሻም በማንኪያ ጠርጎ ይበላዋል፤ ይህም ሥርዓተ ንግሥ ይባላል። ከስድስት በላይ ያሉት ደግሞ፣ ነገሩ ግራ ቢያጋባም፣ ምንም አይጨምሩም። እነዚህ በፒያሳ በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ የሚቀመጡ፣ ሳይሮጡ የሩጫ ጫማ የሚጫሙ፣ ሻያቸውን በሎሚ ብቻ የሚጠጡ፣ የገብስ ቂንጬና የተልባ ውኃ በነጭ ሳሕን አዝዘው፣ ፎቶ አንሥተው የሚበሉ መኳንንት ናቸው። ገብሱን ያመረተው ገበሬ ግን ገብሱን ሸጦ ስኳርና ፓስታ ይዞ ይገባል፤ ፓስታውንም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይቀቅለዋል፤ እንግዳ ካልመጣ ሽሮውን በውኃ አቅጥኖ ይበላል። እንዲህ ሆኖ የድሃ ምግብ ወደ ሀብታም ወጣ፣ የሀብታም ምግብም ወደ ድሃ ወረደ፤ በመካከልም የሻው ከነስድስት ማንኪያው፣ ከነነጭ ዳቦውና ከነማርማላታው ጸንቶ ቀረ።

ወእምዝ በኅዳር መጨረሻ የጀግናው እግር መደንዘዝ፣ ዓይኑም መፍዘዝ፣ ጥማቱም የመገጭን ወንዝ ማስፈራራት ስለ ጀመረ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣ፤ በዚያም ጣቱን በመርፌ ወግተው ደሙን በትንሽ መሣሪያ መረመሩ፤ ሐኪሟም ቀና ብላ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ጋሼ የሻው፣ የደምዎ ስኳር ቁጥሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ነው። እዚህ ደርሶ በእግርዎ መምጣትዎም ይገርማል። ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በቃ፣ ለስላሳም በቃ፣ ነጭ ዳቦ ይቀንሱ። ገብስ ይብሉ፣ ባቄላ ይብሉ፣ ጎመን ይብሉ። በባጃጅ አይሂዱ፣ በእግርዎ ይሂዱ።»

ወሶበ ሰምዐ ዘንተ ደንገፀ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከገብስና ከባቄላ ሲሸሽ ኖሮ፣ አሁን ገብስና ባቄላ ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግተው ያዙት። በሽታውን አልፈራም፤ የፈራው ሽረቱን ነው። በሻይ ቤቱ ተሰብስበው «የሻው ከማንኪያው ወረደ» ሲሉ በጆሮው ሰማ፤ ገና ማንም ምንም ሳይል ሰማ። ስለዚህ ቁጥሩን ከሚስቱ ከየዓለምወርቅ በቀር ለማንም አልነገረም፤ እርሷንም በሚካኤል አስማላት። ይህም ምስጢር ነውና አንባቢ ለማንም አይንገር።

የዓለምወርቅ ማለች፤ ከማለች በኋላ ግን የራሷን አዋጅ አወጣች፦ «የሻው፣ ስማኝ። ስኳሩ ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ አንገቴ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ሻይ እንደ ወንዝ ውኃ ነው። የፈለገ ይጠጣ፣ ያልፈለገ ወንዝ ይውረድ።» ጀግናውም እንደ ጥንት ነገሥታት ጥበብን አደረገ፤ በሚስቱ ላይ አልዘመተም፤ መናገሻውን ብቻ ከቤቱ ወደ ሻይ ቤት አዛወረ።

በጥር ወር መባቻ ከትክል ድንጋይ ስልክ ተደወለ። የእኅቱ የዓይናዲስ ልጅ ውቢት፣ ባሏ ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ ወርዶ ሳለ፣ በታኅሣሥ ፳፭ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ስሙም ባምላክ ተብሏል። አራስ ደግሞ ባዶ እጅ አትጠየቅም። ሙዝ ይዞ የሄደ ጎረቤት ነው፤ ዳቦ ይዞ የሄደ ዘመድ ነው፤ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ የሄደ ግን አጎት ነው። ከተማ የገባ አጎት ያለ ስኳር አገሩን ቢረግጥ፣ ያንን የመሰለ ውርደት በአባቶች መጽሐፍም አልተጻፈም።

በዚያ ሳምንት የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ለአንድ ካርድ ሁለት ሁለት ኪሎ ሊያከፋፍል ነው ተባለ። ወሬውም ከመብረቅ ፈጥኖ ሄደ። በጥር ፲፬ ቀን ከፀሐይ በፊት ሰልፉ ከሱቁ ደጅ ተነሥቶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ጠጅ ቤቱን ዞሮ፣ ራሱን ሊነክስ ጥቂት ቀረው። በሰልፉም የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ አንድ ቀሚስ ሰፊ ከነሜትሩ፣ ሁለት ጡረተኛ አስተማሪዎች፣ ምድጃዋን ለእግዚአብሔር አደራ ብላ የመጣች ጠላ ሻጭ፣ ካርዱን የረሳና ካርዱን የረሳ መሆኑን የረሳ አንድ ሽማግሌ፣ ስለ ስኳር ሳይሆን ስለ ወሬ የቆሙ ሰባት ሰዎች። ሻጩም ከመስኮት ብቅ ብሎ አወጀ፦ «ካርድ የሌለው ይውጣ። ካርድ ያለውም አይጋፋ። ስኳሩ ቢያልቅ እኔን አትስደቡኝ፤ እኔም ቤቴ ባዶውን ነው የምጠጣው።»

በዚህ ጦርነት የሻው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንደ ዓምድ ቆመ፤ ይኸውም በየዓለምወርቅ እግር ቆመ። እርሷ ልብሷን በራሷ ተከናንባ አራት ሰዓት ያህል መቆሟ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚስት መቆም በዜና መዋዕል አይጻፍም፣ ልማድ አይደለምና። ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው ጀግናው ሻይ ቤቱን ድል አድርጎ መጣ፤ ሰልፉን በዓይኑ ገረፈው፤ ካርዱን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ በግራ ክንዱ ቀሚስ ሰፊውን፣ በቀኝ ክንዱ ከሁለቱ አስተማሪዎች አንዱን ገፋ፤ ሁለት ኪሎ ስኳርም በጥቁር ፌስታል ማርኮ ወጣ። የዓለምወርቅም በመንገድ ላይ፣ «ለአራስ ነው ብለኸኛል። አንዲት ማንኪያ ብትጎድል በዓይኔ መዝኜ አውቃለሁ» ብላ አወጀች፤ ይህም የሠራዊቱ ቡራኬ ተብሎ ተቆጠረ።

ቅዳሜ ጥር ፲፮ ቀን፣ በዕለተ ኪዳነ ምሕረት፣ መንገዱም ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ጀግናው በማለዳ ተነሣ፤ ካፖርቱን ደረበ፤ ስኳሩን በነጠላ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቀፈ፤ ከመናኸሪያም በሚኒባስ ወጣ። በስተቀኙ አንድ ቄስ ከነጃንጥላቸው፣ በስተግራው ጠቦት የታቀፈች እመቤት፣ ከኋላው ሦስት የቀን ሠራተኞች ከነአካፋቸው፣ ከእግሩ ሥር እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች፣ ከጣሪያው ላይ አራት ካርቶን ፓስታ፣ ስድስት ካርቶን ብስኩትና አሥር ሳጥን ለስላሳ ነበሩ፤ እነዚህ ሁሉ፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ፣ የእርሱ ተከታዮች ተብለው ተቆጠሩ። ከወዲያም ሌላ ሠራዊት ወደ ጎንደር ይወርድ ነበር፤ ገብስ በጆንያ፣ ባቄላ በስልቻ፣ ማር በጀሪካን፣ ቅቤ በቅል፣ እንቁላል በቅርጫት። ሁለቱ ሠራዊት በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ተላለፉ፤ ሰላምታም አልተለዋወጡም። ጀግናው በጉዞው ሁሉ ስለ ስኳሩ ጤንነት ተጨንቆ፣ እንዳይበላሽ ሦስት ጊዜ በጣቱ አጥቅሶ መረመረው፤ ሦስት ጊዜም ደህና ሆኖ አገኘው።

ከትክል ድንጋይ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ሄደ፤ ይህም ሐኪሟ ካዘዘችው ሁሉ የፈጸመው አንዱ ነው፣ ባጃጅ አልነበረምና። ዓይናዲስም ከሩቅ በካፖርቱ አውቃው ወደ ደጅ ወጣች፤ ነጠላዋን አደግድጋም አወጀች፦ «እሰይ፣ አያ የሻው መጣ። ምነው ደወል እንኳ ብታደርግ። ምነው ሳይነገረኝ። ግባ፣ ግባ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ኧረ ስኳር ይዞ ነው የመጣው፤ ሁለት ኪሎ፤ በዚህ በጭንቅ ዘመን።» ጎረቤቶችም ፌስታሉን አይተው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ያ ሰዓት የጀግናው የክብር ሰዓት ነበር፤ ትከሻው ሰፋ፤ ካፖርቱም ጠበበው።

በውስጥም ውቢት ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባ ነበር። እርሷ ከስታለች፤ ሕፃኑም ቀጭን ነው፤ ሲጠባም እንደ ሰለቸው ሰው ቶሎ ይተዋል። በዚያው ዕለት ማለዳ የመንደሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ጸሎት የምትባለው፣ መጥታ፣ ሕፃኑን በመንጠልጠያ ሚዛን መዝና፣ ፊቷን አጥቁራ፣ ይህን አዋጅ ትታ ሄዳ ነበር፦ «ልጁ ምንም አልጨመረም። ውቢት፣ አንቺ ሳትበይ እሱ ከየት ይጠባል? በቀን ሁለት እንቁላል ትበያለሽ፤ ባቄላም ጎመንም ትበያለሽ። እማማ ዓይናዲስ፣ ሻይ በስኳር አራስን አያበረታም፤ ማን እንዳላችሁ አላውቅም። እንቁላሉን ገበያ ላይ እንዳላየው። የዛሬ ሳምንት መጥቼ እመዝነዋለሁ፤ ካልጨመረ ጎንደር ሆስፒታል ነው የምልከው።»

እንቁላሉም በመደቡ ሥር ነበር፤ ሦስት ዶሮዎች በሁለት ሳምንት የጣሉት፣ አሥራ አራት፣ በጭድ ላይ ተደርድሮ በትንሽ ቅርጫት ተቀምጧል። የቅርጫቱ ክዳን ልቅ ስለሆነ ውቢት ከአሮጌ ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለቱን ቀድዳ አስራዋለች። በቀን ሁለት ሁለት ቢሉት ለሳምንቱ ልክ ነው፤ የሕፃኑ ኪሎ፣ የእናቱ ወተት፣ የጸሎትም ሚዛን በዚያች ቅርጫት ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ወእምዝ ሻይ ተጣደ። ሻይ በተጣደ ጊዜም የታላቁ መከራ በር ተከፈተ፤ በዓይናዲስ ቤት ስኳር የለምና። አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር እዚያው በሳጥን ላይ ተቀምጦ የለምን ብለህ አትጠይቅ፤ ብትጠይቅ አገሩን አታውቅም። እንግዳ ያመጣውን ለእንግዳ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ ያመጣኸውን ጠጥተህ ሂድ እንደ ማለት ነው። ሙሽራ በራሷ ሰርግ ወጥ እንደማትሠራ፣ የስጦታ ስኳርም ሰጪው ሳይሄድ አይፈታም። ስለዚህ ስኳር የሞላበት ቤት ስኳር አጣ፤ ስኳር ያመጣውም ሰው የስኳር ዕዳ ሆኖ ተቀመጠ።

ዓይናዲስም ጥቂት አሰበች፤ ጓዳውን አየች፤ የሕፃኑን ቀጭን እግር አየች፤ የወንድሟን ሰፊ ካፖርት አየች፤ ጎንበስ ብላም ቅርጫቱን ከመደቡ ሥር ሳበች። ወደ ልጇም ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወጀች፦ «ዝም በይ። ዛሬ ገበያ ነው፣ ደርሼ እመጣለሁ። አያ የሻው ከጎንደር መጥቶ ባዶ ሻይ ጠጥቶ ይሂድ? እሱ በቤቱ ስድስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ነው። ሰው ምን ይለኛል። ዶሮዎቹ እንደሁ ነገም ይጥላሉ።» የውቢት ዓይን ግን ከቅርጫቱ ጋር እስከ ደጅ ድረስ ሄደ።

ጀግናው ይህን ሁሉ ሰማ። ቤቱ አንድ ክፍል ነውና አለመስማት አልቻለም። በልቡም ሁለት ነገሥታት ተነሥተው ተዋጉ። አንደኛው፣ «ሐኪም ከልክሎኛል በል፤ አንዲት ቃል ነች፤ ቅርጫቱ ይመለሳል፣ አንተም ትድናለህ» አለው። ሁለተኛው፣ «እንዲህ ካልክ ጎረቤት ሰምቶ የሻው ታሟል፣ የሻው ከስሟል፣ ሃያ አራት ዓመት ከተማ ኖሮ እንደ ገበሬ ባዶ ሻይ ሆነ ይላል» አለው። አንደኛው በሕፃኑ እግር ማለ፤ ሁለተኛው በካፖርቱ ማለ። ዓይናዲስም አንድ እግሯን ከደጃፉ አወጣች። የመንደሩ ውሾች እንኳ መጮኽ አቆሙ።

በዚያች ቅጽበት፣ ሁለተኛው እግሯ ሳይወጣ፣ የሻው ከበርጩማው ተነሣ። ቁመቱም እስከ ጣሪያው ማገር ደረሰ። እጁን ዘርግቶ፣ እስከ ኮላ ድባ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ስሚ ዓይናዲስ፤ ትክል ድንጋይም ትስማ፤ ላይ አርማጭሆም ይስማ። እኔ የመጣሁት ለሻይ አይደለም፣ ለአራስ ነው። እንቁላሉ የአራስ ነው፤ ወደ ቦታው ይመለስ። ለኔ ሻዩን ባዶውን ቅጂልኝ። የሚያማኝ ካለ ይማኝ፤ ሐሜት አያወፍር፣ አያከሳ።» ዓይናዲስም ደነገጠች፤ ቅርጫቱንም መለሰች። ጎረቤቶች እልል አሉ። ሻዩም ጥቁር ሆኖ፣ ትኩስ ሆኖ፣ እንደ መራራ እውነት ባዶውን ቀረበ፤ ጀግናውም ሦስት ብርጭቆ፣ ያለ አንዲት ቅንጣት ስኳር፣ ፊቱን ሳያጠቁር ጨለጠ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሕፃኑ ፈገግ አለ ይባላል፤ ክብደቱም በዚያው ሰዓት ጨመረ ይባላል፤ ሚዛን ስላልነበረ ግን ቁጥሩ አልተጻፈም።

በዘጠኝ ሰዓት ጀግናው ተሰናብቶ ተመለሰ። በሚኒባሱ ውስጥም ሌላ ቸርነት አደረገ፤ ይህም እንደ ትንሽ ነገር እንዳይዘለል ይጻፋል። አንዲት የእንቁላል ነጋዴ ከገበያው የሰበሰበችውን ብዙ ቅርጫት ይዛ ገብታ፣ ለአንዱ ቦታ ስላጣች፣ «አያ፣ ይችን በጉልበትዎ ይያዙልኝ» አለችው። እርሱም፣ ሌላ ሰው ቢሆን ልብሴ ይቆሽሻል በሚልበት ሰዓት፣ ተቀበላት። ትንሽ ቅርጫት ነበረች፤ በጭድ የተነጠፈች፣ ክዳኗ በአረንጓዴ ጥለት የታሰረች፤ በውስጧም አሥራ አራት እንቁላል ነበረ፤ መንገድ ለማሳጠር ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። በጠመዝማዛው ሁሉ፣ በጉድጓዱም ሁሉ፣ ጀግናው በክንዶቹ ከብቦ ጠበቃት፤ አንዲትም አልተሰበረችም። በፒያሳም ነጋዴዋ ተቀብላ ወደ ሆቴሉ ጓሮ አስገባቻት፤ በዚያም በሰገነቱ ላይ የሚቀመጡት መኳንንት ነጩን ብቻ ይበላሉ፤ አስኳሉ ያወፍራል ብለው ይተዉታል። የማን ዶሮ እንደ ጣለችው ማን ያውቃል። የጀግናው ጉልበት ግን ዋጋውን ከሰማይ ያገኛል።

ይህም ዜና መዋዕል ተጽፎ፣ በየካቲት ፭ ቀን፣ በቅበላው ሳምንት፣ ሕፃኑ ባምላክ በአርባኛው ቀን ክርስትና በተነሣበት ዕለት፣ በዓይናዲስ ደጅ በተጣለው ዳስ ሥር ተነበበ፤ የሁለት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ቁጥር ምዕራፍና የሐኪሟ ስም የተነሣበት ሁሉ ብቻ ተዘለለ። ያነበቡትም መሪጌታ ሐዲስ ነበሩ፤ ድምፃቸው እንደ ደወል ነውና። የዓለምወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ስለ ትሕትና ሳይሆን አይቀርም። ጀግናው ከካህናቱ ቀጥሎ በፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን የማዕረግ ስም ዛሬ ገና እንደሚሰማው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይቀበል ነበር። መሪጌታም ወደ ውዳሴው ደርሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ሰላም ለእጁ፣ ሁለት ኪሎ ተሸክማ ላልዛለች። ሰላም ለእግሩ፣ በሰልፍ ላይ እንደ ዓምድ ለቆመች። ሰላም ለጉሮሮው፣ ባዶ ሻይ አይታ ላልሸሸች። ሰላም ለጉልበቱ፣ አሥራ አራት እንቁላል እንደ አሥራ አራት ነፍስ ለጠበቀች። ኦ መዋዔ ሰልፍ፣ ኦ ሥዩመ ማንኪያ፣ ኦ የአራስ ጋሻ፣ የሕፃናት ወተት ምንጭ፣ ስምህ ከገብስ ዘር ይልቅ ይብዛ፤ ዝናህም ከ...»

በዚህ ጊዜ ውቢት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋለች፤ በቀኝ እጇ ሻይ በብርጭቆ ይዛለች። ወደ ጀግናው ቀርባ ጎንበስ አለች። አዋጅ አላወጀችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ ዳሱ ግን ጸጥ ብሎ ስለ ነበር ሁሉም ሰማ።

«አያ፣ አረንጓዴው ጥለት የኔ ነጠላ ነው፤ ቅርጫቷም የኔው ነች። ያን ቀን እርስዎ ከበርጩማው አልተነሡም፤ ሲቀመጡ እንደ ነበሩት ነበሩ። እማዬ ወጣች፣ ሸጠች፣ ስኳር ይዛ ተመለሰች። እርስዎም ስድስት ስድስት አድርገው ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። በሳምንቱ ጸሎት መጥታ ስትመዝነው ያው ነበር፤ ሆስፒታል ነው የከረምነው፤ ይኸው ተርፏል፣ ተመስገን። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያመጡት ስኳርም አልተፈታም፤ ሳጥን ውስጥ እንደ ታሰረ አለ፤ ለሚቀጥለው አራስ ይሆናል።»

ብርጭቆውንም ከፊቱ አስቀመጠች።

«ዛሬ እንቁላሉን እኔ በልቻለሁ። ለእርስዎም፣ እንደ ተጻፈው ይሁን ብዬ፣ ባዶውን ቀድቼልዎታለሁ።»